ስለ ቱቦውስ ማን ይናገር?

በዚህ መጽሔት ባለፈው እትም አንድ ወንድማችን በመኖሪያችን የንባብ አዳራሽ ስላለው የመስተዋት ገንዳ ማለፊያ ጽሑፍ አቅርቦልን ነበር። ገንዳው ዓሣ ብቻ የሚዋኝበት ሳይሆን ለምለም የውሃ ሣር የሞላበት እንዲሆን ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚባለው ጋዝ እንዲገባለት፣ ለዚህም ከአባሎች መዋጮ ሲሊንደርና ሬጉሌተር እንዲገዛ አሳስቧል። ሐሳቡን እንደግፋለን። የማንስማማው ከመጨረሻው ከአንድ መስመሩ ጋር ነው፤ ይኸውም ቱቦውና መገጣጠሚያው የትም የሚገኝ ነገር ስለ ሆነ ከተረፈው ገንዘብ ይገዛል ያለው ነው። በበኩላችን ነገሩ ይገልበጥ እንላለን። አስቀድሞ ቱቦውና መገጣጠሚያው ይገዛ፤ ሲሊንደሩ ከተረፈው ይሁን፤ ገንዘቡ ካልበቃም ትንሽ ሲሊንደር ይበቃናል።

የሥነ ጽሑፍና የታሪክ ተማሪዎች ስለ ቧንቧ ምን አገባቸው የሚለን አይጠፋም። መዋጮውን እኩል ከፍለናል፤ ከገንዳው አጠገብ ተቀምጠን እስከ እኩለ ሌሊት የምናነበውም በአብዛኛው እኛው ነን። ደግሞስ ማንበብ ሥራዬ ነው የሚል ሰው ቱቦው ላይ የታተመችውን ደቃቅ ጽሑፍ ሳያነብ ገንዘብ መክፈሉ አያሳፍርም?

ሕዝብ በተቸገረበት አገር የዓሣ ገንዳ ቅንጦት ነው የሚሉም ወንድሞችና እኅቶች አሉን። ክርክራቸው የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን ገንዳው ከተተከለ ቆይቷል፤ ዓሦቹም በውስጡ አሉ፤ ጠቅላላ ስብሰባውም ገንዘቡን ፈቅዷል። እንግዲህ ቅንጦት ነው የሚል ሰው ይህ የአባሎች ገንዘብ በየመገጣጠሚያው እንዳይተን ከማንም ይልቅ ሊጮህ ይገባዋል።

ነገሩን ለማያውቁት አንባቢዎቻችን ባጭሩ እንግለጽ። አንድ ተክል ደርቆ ቢመዘን ከክብደቱ ከመቶ 40 ያህሉ ወይም ከዚያ የሚበልጠው ካርቦን ነው፤ ይህንንም የሚያገኘው ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ከ2011 እ.ኤ.አ. ወዲህ ጣናን ያስቸገረው እንቦጭ ቅጠሉን ከውሃው በላይ ዘርግቶ ጋዙን ከነፋሱ እንደ ልቡ ስለሚወስድ ማንም ሳያቀርብለት ሐይቁን ያለብሳል። በውሃ ውስጥ ሰጥሞ የሚያድግ ሣር ግን ይህ ዕድል የለውም። ጋዙ በረጋ ውሃ ውስጥ የሚሰራጨው በአየር ውስጥ ከሚሰራጭበት 10,000 ጊዜ ያህል ዘግይቶ ነው፤ ከአየር ጋር ብቻ የተገናኘ ውሃም በአንድ ሊትር ውስጥ የሚይዘው ግማሽ ሚሊግራም ገደማ ነው። የውሃ ሣር የሚያለሙ ሰዎች ይህን ወደ 20 ወይም ወደ 30 ሚሊግራም ከፍ ያደርጉታል። ከዚያ በእጅጉ ካለፈ ደግሞ ዓሣው ወደ ውሃው ገጽ ወጥቶ አፉን እየከፈተ ማለክለክ ይጀምራል፤ ካልተደረሰለትም ይሞታል። በልምላሜና በእልቂት መካከል ያለው ርቀት ይህን ያህል ጠባብ ነው። ይህን ሁሉ የሚያደርሰውም ከእርሳስ የቀጠነ አንድ ቱቦ ነው።

የጃፓኑ ፎቶግራፍ አንሺ ታካሺ አማኖ (1954–2015 እ.ኤ.አ.) በውሃ ውስጥ የተተከሉ የሚያማምሩ ገንዳዎችን ለዓለም ካሳየ ወዲህ ይህ ሥራ በየአገሩ ወዳጅ በዝቶለታል። በዚህ ዓይነት ፎቶግራፍ ላይ ግን ቱቦ ብዙ ጊዜ አይታይም፤ ፎቶግራፉ ሲነሣ ዕቃው ከገንዳው ይወጣል። ወንድማችንን ያሳሳተው ይህ ሳይሆን አይቀርም። ያላየነው ነገር የሌለ ይመስለናል፤ ለሚያብለጨልጨው ሬጉሌተርም ኪሳችን ይፈታል።

አሁን ስለ ግፊቱ እንናገር፤ የክርክራችን ዋና መሠረት እዚህ ላይ ነውና። ጋዙ በሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ተጨምቆ ፈሳሽ ሆኖ ነው። በ20 ዲግሪ ሙቀት ግፊቱ 57 ባር ገደማ ይሆናል፤ የቤት መኪና ጎማ 2 ባር ተኩል ያህል ብቻ መያዙን አስቡ። ሬጉሌተሩ ይህን ታላቅ ግፊት ወደ 2 ወይም ወደ 3 ባር ያወርደዋል፤ ስለዚህ ቱቦአችን የሚሸከመው የመኪና ጎማ የሚሸከመውን ያህል ነው። ይህ ያን ያህል አያስፈራም። የሚያስፈራው ሌላ ነው። በሲሊንደሩ ውስጥ ፈሳሽ እስካለ ድረስ ግፊቱ አይወርድም። ሙሉም ሆነ፣ ግማሽም ሆነ፣ ሩብ የቀረው፣ የግፊት መለኪያው መርፌ በዚያው በ57 አካባቢ ይቆማል፤ ፈሳሹ ያለቀ ዕለት ብቻ በአንድ ጊዜ ቁልቁል ይወርዳል። እንግዲህ መለኪያውን እያየን አያፈስም ብንል ራሳችንን እናታልላለን። ክዳኑ የላላ የአምቦ ውሃ ጠርሙስ ከውጭ ሲያዩት ሙሉ ነው፤ ጋዙ መሄዱ የሚታወቀው ሲጠጡት ነው።

ሒሳቡንም እናስላ። ለገንዳችን በሰከንድ አንድ አረፋ፣ መብራቱ በሚበራበት በ8 ሰዓት ውስጥ ብቻ ይሰጠው እንበል፤ ሣሩ በጨለማ ጋዙን ስለማይጠቀምበት ሌሊት መዘጋት አለበት። ይህ በቀን 28,800 አረፋ ነው። በሬጉሌተሩና በመዝጊያው ቫልቭ መካከል ያለ አንድ ልል መገጣጠሚያ ደግሞ ያንኑ ያህል፣ በሰከንድ አንድ አረፋ ብቻ፣ ቀንና ሌሊት ያፍስ እንበል። ይህ 86,400 ይሆናል። አራት ጊዜ ሲሊንደር ብናስሞላ ሦስቱን ለአዳራሹ አየር አስሞላን ማለት ነው። ድምፅ የለው፣ ሽታ የለው፤ ማንም ሳያውቅ ከአባሎች መዋጮ ሦስት አራተኛው ይተናል።

ወደ ቱቦው ዓይነት እንምጣ። በዓሣ መሸጫ ቤት በብዛት የሚገኘው ለስላሳና ጥርት ያለ፣ እንደ ፓስታ የሚተጣጠፍ የሲሊኮን ቱቦ ነው። ለአየር መንፊያ ሞተር የተሠራ ስለ ሆነ ለዚያ ሥራ ነቀፋ የለበትም፤ አየር ቢያፈስ ማን ይከፋል? ሲሊኮን ግን ቀዳዳ ሳይኖረው፣ መገጣጠሚያውም ሳይላላ፣ ጋዝን በገዛ ግድግዳው ያሳልፋል። ሐኪሞች ለሰው ሠራሽ ሳንባ የሲሊኮን ስስ ሽፋን የተጠቀሙት ለዚሁ ነው፤ ኦክሲጅን ወደ ደም ይገባበታል፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣበታል። እንዲያውም ካርቦን ዳይኦክሳይድ በሲሊኮን ውስጥ ለማለፍ ከኦክሲጅን 5 እጥፍ ያህል ይቀለዋል። ለሳንባ የተመረጠ ነገር ለጋዝ ቧንቧ አይመረጥም። አንድ ሜትር ርዝመት ያለው፣ የውስጥ ስፋቱ 4 የውጭ ስፋቱ 6 ሚሊሜትር የሆነ የሲሊኮን ቱቦ፣ ባልነው ግፊት ሥር ሲሰላ በግድግዳው የሚያስመልጠው ጋዝ ለገንዳው ከሚያደርሰው ጋር የሚወዳደር ነው። ሲሊንደሩ ከገንዳው ሦስት ሜትር ቢርቅ ምን እንደሚሆን አንባቢ ይገምት።

ፖሊዩሬቴን የሚባለው ቱቦ ጋዝን ከሲሊኮን በብዙ ዐሥር እጥፍ ባነሰ መጠን ያሳልፋል፤ ይተጣጠፋል፤ ግፊትም ይችላል። የእኛ ምርጫ እርሱ ነው። በመጭመቂያ አየር በሚሠሩ መሣሪያዎች ላይ የምናየው ብዙውን ጊዜ ሰማያዊ ወይም ጥቁር የሆነው ቱቦ ይኸው ነው። ናይለን ደግሞ ከእርሱም ይብሳል፤ የከባድ መኪና የአየር ፍሬን የሚሠራበት ስለ ሆነ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ ውስጥ ማግኘት አያስቸግርም፤ ጉድለቱ ግትርነቱ ነው፤ በጠባብ ጥግ ላይ ሲያጥፉት ይሰበርና መንገዱን ይዘጋል። ፒቪሲ ከሲሊኮን ይሻላል፤ ዋጋውም ርካሽ ነው። ነገር ግን የሚያለሰልሰው ቅመም ከጊዜ ብዛት እየወጣ ሲሄድ ይደርቃል፤ ከመገጣጠሚያው ላይ የሚላላውም ያን ጊዜ ነው።

ከሕክምና ፋኩልቲ ያሉ ወዳጆቻችን የጉሉኮስ ቱቦ ይበቃችኋል ብለውናል። ብልሃቱ አይናቅም፤ ጠብታ የሚታይባት ትንሿ ዕቃ ውሃ ሲጨመርባት ማለፊያ አረፋ መቁጠሪያ ትሆናለች። ይሁን እንጂ ያ ቱቦ የተሠራው ከፍ ብሎ ከተሰቀለ ከረጢት ቀስ ብሎ ለሚወርድ ፈሳሽ እንጂ ለ2 ባር ግፊት አይደለም፤ ጫፉ ተስፈንጥሮ ይወልቃል። (ደግሞ በሰው ላይ የዋለውን ከሆስፒታል ቆሻሻ ለቅሞ ማምጣት የሚያስቡ ካሉ ተዉት።)

ስለ መገጣጠሚያው ከሁሉ አስቀድሞ የምንለው ቁጥሩ ይቀንስ ነው። ገንዳውን ለሁለት ለመክፈል፣ ሌላ ገንዳ ሲመጣ ለመቀጠል እያልን በየቦታው ባለ ሦስት አፍ መገጣጠሚያ ብንሰካ እያንዳንዱ አፍ አንድ የማፍሰሻ ዕድል ነው። ከሬጉሌተሩ እስከ አረፋ ማድቀቂያው ድረስ የማይቀጣጠል አንድ ቱቦ፣ በመካከሉ ወደ ኋላ የማይመልስ ቫልቭ ብቻ፤ ሌላ አያስፈልግም።

ከዚያ ቀጥሎ ልኩ ነው፤ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይታለላል። በየቤቱ የውሃ ማጣሪያ ላይ የምናየው ነጭ ቱቦ ሩብ ኢንች፣ ማለት 6.35 ሚሊሜትር ነው። የአየር መሣሪያ ቱቦ ግን ልክ 6 ሚሊሜትር ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን ቢያስቀምጧቸው ዓይን አይለያቸውም፤ ባለ ሱቁም ሁለቱን በአንድ ስም ሊጠራቸው ይችላል። ወፍራሙ በጠባቡ መገጣጠሚያ ውስጥ አልገባም ስለሚል ቢያንስ ይታወቅበታል። ቀጭኑ በሰፊው ውስጥ ሲገባ ነው ክፋቱ፤ ይገባል፣ ሲጎትቱት የያዘ ይመስላል፣ በውስጡ ያለው የጎማ ቀለበት ግን አጥብቆ አላቀፈውም። ስለዚህ ቱቦውና መገጣጠሚያው ከአንድ ሱቅ፣ በአንድ መለኪያ ይገዛ፤ ከመከፈሉም በፊት እዚያው ተሰክቶ ይታይ። ከምሕንድስና ፋኩልቲ አንድ ካሊፐር ለግማሽ ቀን መዋስ የሚከለክለን የለም።

ቱቦውን በመቀስ አትቁረጡ። መቀስ ክቡን ጨፍልቆ ሞላላ ያደርገዋል፤ በአዲስ ምላጭ ቀጥ ተደርጎ ይቆረጥ። በግፊት የሚገባው መገጣጠሚያ እስከ መጨረሻው ድረስ መገፋት አለበት፤ ግማሽ መንገድ ገብቶ የቆመ ቱቦ ዛሬ ይዞ ከሳምንት በኋላ ይለቃል። ባለ ብሎን ጥርሱ ሁለት ዓይነት ነው፤ ቀጥ ያለው የሚጠብቀው በጎሚኒ ነው፣ ወደ ጫፉ እየጠበበ የሚሄደው በቴፍሎን። የቧንቧ ሠራተኞቻችን ለሁሉም ቴፍሎን መጠምጠም ይወዳሉ፤ ሬጉሌተሩ ከሲሊንደሩ ጋር የሚገናኝበት አፍ ግን በመካከሉ ጠፍጣፋ ጎሚኒ ይፈልጋል እንጂ ቴፍሎን አይረዳውም። ደግሞ የአሜሪካን ሲሊንደር ጥርስና የአውሮፓ ሲሊንደር ጥርስ አንድ አይደሉም። ሬጉሌተር ከውጭ ይመጣልናል ብለው ለዘመድ የላኩ ሰዎች ሲሊንደራቸውን አስቀድመው ይዩ።

ነሐስ ወይስ የማይዝግ ብረት ወይስ ፕላስቲክ? ጋዙ ደረቅ በሆነበት በሬጉሌተሩ በኩል ነሐስ ምንም አይሆንም። አረፋ መቁጠሪያውን ካለፈ በኋላ ግን ጋዙ እርጥበት ይይዛል፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ውሃ ሲገናኙ ደግሞ አሲድ ይሆናሉ፤ የአምቦ ውሃ ምላስ የሚቆነጥጠውም በዚህ ነው። ነሐስ ውስጥ መዳብ አለ፤ መዳብም ትንሹ እንኳ ቀንድ አውጣንና የውሃ ሽሪምፕን ይገድላል። እርጥበት በሚነካው በኩል እንግዲህ ፕላስቲክ ወይም የማይዝግ ብረት ይሁን።

ወደ ኋላ የማይመልሰውን ቫልቭ ቅንጦት ነው ብለው ከዝርዝሩ ለመሰረዝ የሚፈልጉ አሉ። ማታ ጋዙ ሲዘጋ በቱቦው ውስጥ የቀረው ጋዝ ቀስ በቀስ በውሃው ውስጥ ይሟሟል፤ ቦታውንም ውሃ እየተሳበ ይሞላል። ከዚያ ወዲያ ውሃው ቁልቁል ወርዶ ብዙ ገንዘብ ከፍለን የገዛነውን ሬጉሌተር ይደርስበታል፤ ሲብስም በተከፈተው መንገድ ወደ ወለሉ ይፈሳል። ይህን የሚያቆመው ከሁሉ ርካሹ ዕቃ ነው።

ስለ ገንዘብ ብዙ ተናገርን፤ ዓሦቹን ረሳን እንዳይባል የሚያፈስ መገጣጠሚያ ዓሣን እንዴት እንደሚገድል እናስረዳ። ማፍሰስና መግደል ምን አገናኛቸው የሚል አንባቢ ይኖራልና። መገጣጠሚያው ሲያፈስ ሣሩ ይገረጣል። ኀላፊው መለኪያውን ያያል፤ 57። ስለዚህ ጋዙ አንሷል ብሎ የመርፌ ቫልቩን ጥቂት ይከፍታል፤ በሳምንቱም እንደገና ይከፍታል። ሣሩ ይሻለዋል፤ ሁሉም ደስ ይለዋል። አንድ ቀን ሌላ ሰው ወለሉን ሲጠርግ ወይም መጽሐፍ ሲያነሣ የላላውን ቱቦ ያገኝና በቅንነት ጠበቅ አድርጎ ይሰካዋል። ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ሲባክን የነበረው ሁሉ ወደ ውሃው ይገባል። በማግስቱ ማታ ዓሦቹ በጎናቸው ተንሳፈው ይገኛሉ፤ ማንም ምንም አልነካሁም ይላል፤ እውነቱንም ነው። እንግዲህ የሚያፈስ ቱቦ ያለበት ገንዳ ምን ያህል ጋዝ እንደሚገባው የሚያውቅ ሰው የለም። ፍሰቱን ማስተካከል የሚቻለው ማፍሰሱ ከቆመ በኋላ ብቻ ነው።

ሲሊንደሩን ትተን በእርሾና በስኳር እንሥራ የሚሉም አሉ። እናቱ ጠጅ ስትጥል ያየ ሰው ሁሉ ነገሩን ያውቀዋል፤ ከ200 ግራም ስኳር ቢበዛ 100 ግራም ያህል ጋዝ ይገኛል። ለትንሽ ገንዳ ይሆናል። ነገር ግን እርሾ መዝጊያ የለውም፤ ሌሊት ቁም ቢሉት አይሰማም። ስለዚህ በዚህ ቱቦ ላይ መዝጊያ ቫልቭ አይገባም፤ ቱቦውም እንዳይታጠፍ መጠበቅ አለበት፤ አለዚያ ጠርሙሱ ይፈነዳል። ጠርሙሱም የለስላሳ መጠጥ ፕላስቲክ ይሁን እንጂ በምንም ምክንያት መስተዋት አይሁን።

በመጨረሻ ሌብነትን በመፍራት ሲሊንደሩ በኀላፊው መኝታ ክፍል ይቀመጥ፣ ከዚያም ረጅም ቱቦ በግድግዳ ይሳብ የተባለውን እንቃወማለን። ቀስ ብሎ የሚያፈስ መገጣጠሚያ ነፋስ ባለበት ክፍል ሰውን አይጎዳም፤ ይህን ማጋነን አንፈልግም። ነገር ግን ሲሊንደር ወድቆ አፉ ቢሰበርስ? 5 ኪሎ ጋዝ ሲለቀቅ በባሕር ጠረፍ ግፊት ሲለካ 2,700 ሊትር ያህል ይሆናል። ወርዱ 3፣ ቁመቱ 4፣ ከፍታው 2 ሜትር ተኩል የሆነ ክፍል 30,000 ሊትር አየር ይይዛል። ይህ ከመቶ 9 ነው፤ ከመቶ 4 ሲደርስ ለሕይወት ወዲያው የሚያሰጋ ተብሎ ተመድቧል። ጋዙ ከአየር አንድ ተኩል ጊዜ ስለሚከብድ ደግሞ ሰው በሚተኛበት በወለሉ በኩል ይከማቻል። በካሜሩን አገር በነሐሴ 1986 እ.ኤ.አ. ከኒዮስ ሐይቅ በአንድ ሌሊት የወጣው ይኸው ጋዝ 1,700 ያህል ሰዎችን ከነከብቶቻቸው ጨርሷል። የኛ ሲሊንደር ከዚያ ጋር አይነጻጸርም፤ የክፍላችን ስፋትም እንዲሁ ከሸለቆ ጋር አይነጻጸርም።

ስለዚህ ለኮሚቴው የምናቀርበው ይህ ነው። ሲሊንደሩ ከ2 ኪሎ አይብለጥ፤ በአዳራሹ ውስጥ ቆሞ በሰንሰለት ከግድግዳ ጋር ይታሰር፤ በላዩ የሚቆለፍ፣ ከላይና ከታች ነፋስ የሚያስገባ የሽቦ ሣጥን ይደረግለት። ፖሊዩሬቴኑ ቱቦ፣ መገጣጠሚያዎቹና ወደ ኋላ የማይመልሰው ቫልቭ በግዢው ዝርዝር ላይ ከአንድ እስከ ሦስት ባለው ቁጥር ይጻፉ። ከተገጠመ በኋላም ለባለ ሱቁ የመጨረሻው ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት እያንዳንዱ መገጣጠሚያ በአባሎች ፊት የሳሙና አረፋ ይቀባ፤ በቤታችን የማብሰያ ጋዝ ሲቀየር እንደምናደርገው ማለት ነው። መለኪያው የማይነግረንን ሚዛን ስለሚነግረን በየሳምንቱ ቅዳሜ ሲሊንደሩ ይመዘን፤ ክብደቱም በማስታወቂያው ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ። ሚዛኑን ወጥ ቤቱ ለማዋስ ፈቅዶልናል፤ ከምሳ በፊት እንመልስለት ብሏል እንጂ።